ምላሴ ጉምሩክ የገባ ዕለት

እናንተ ሳህን ስታዩ ወጥ ይታያችኋል። እኔ ግን ካለፈው ጥር ወዲህ ሳህን ሳይ የሚታየኝ ሌላ ነው። ከምን ተሠራ? ውሃ ይጠጣል ወይስ አይጠጣም? ብርሃን ያሳልፋል ወይስ ይከለክላል? ሰው ቤት ተጋብዤ ስሄድ እህሉን ጨርሼ ሳህኑን ገልብጬ ቂጡን ካላየሁ ደስ አይለኝም። ልጆቼ ያፍሩብኛል። አልፈርድባቸውም፤ እነሱ እንደኔ ጉምሩክ ገብተው ሊቅ ሆነው አልወጡም።

ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ። እዚህ ደብረ ብርሃን የሰፈራችን የሴቶች ዕድር አለ። የዕድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ አንገቴ ላይ ካሰርኩ ሃያ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ትሪው፣ ሳህኑ ሁሉ በእጄ ይወጣል፣ በእጄ ይገባል። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ላይ ያቆመ ነው፤ መቁጠር ግን ማንም አያስተምረኝም። አርባ ሳህን ወጥቶ ሠላሳ ዘጠኝ ከተመለሰ፣ አርባኛው እስኪገኝ ድረስ ለቀስተኛ ከግቢ አይወጣም። አንድ ጊዜ የሟቹን ወንድም ሳይቀር ጋቢውን አስገልጬ ፈትሻለሁ። ሳህኑ እሱ ዘንድ አልነበረም። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ፍተሻው ግን ትክክል ነበር። የሌላውን ጋቢ ገልጬ የሐዘንተኛውን ብተው ምኑን ፍርድ ሆነ?

ይህም ሆኖ ሳህን እግር አለው። እዚህ ሰፈር አንድ፣ እዚያ ሰፈር ሁለት እያለ ሄዶ ሄዶ አለቀብን። ባለፈው በነበረን ለቅሶ ሰው በሦስት ዙር በላ። ሦስተኛው ዙር ላይ የደረሳቸው ሰዎች ሟቹን ረስተው ስለ ሳህን ብቻ ሲያወሩ ዋሉ። በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ።

የዕድራችን ሊቀመንበር ጽጌ ትባላለች። እኩያዬ ናት፤ ልጆቻችንን በአንድ ዘመን ወልደን፣ በአንድ ዘመን ድረናል። ቁልፌን መመኘት የጀመረችው መቼ እንደሆነ አላስታውስም፤ መመኘቷን ግን እሷም አትደብቅም። ጽጌ ሳህኑ ከገበያ ይገዛ አለች። እኔ ተነሥቼ፣ ልጄ አስካለ ከዱባይ ጠቅልላ ልትመጣ ነው፣ እዚያ ሳህን ርካሽ ነው፣ እሷ ታምጣልን አልኩ። ከኋላ ደግሞ አንዲት ሴት፣ ጠቅልሎ የሚመጣ ሰው የቤት ዕቃውን ያለ ቀረጥ ያስገባል፣ ከአስካለ ድስት መሃል የእኛ ሳህን ቢገባ ማን ያየዋል አለች። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም። ግን ሰምቼ ዝም ብያለሁ፤ ዝም ማለቴን አልደብቃችሁም።

ጽጌ ወዲያው ውል አስገባችኝ። ያዋጣነው ሳይበቃ ቀርቶ ተጨማሪ መዋጮ ከተጠየቀ ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ አለች። በሴቱ ሁሉ ፊት አስረክባለሁ አልኩ። ሰው ሲሰማኝ ልቤ ያብጣል፤ ይሄ የቆየ በሽታዬ ነው።

አሁን የሠራሁትን ጥፋት ስሙ። አስካለ ሳህኑን እንደገዛች ስትደውልልኝ፣ ምልክት ሳታደርጊበት እንዳትልኪ ብዬ አዘዝኳት። የዕድር ዕቃ ያለ ምልክት የማንም ነው። በየሳህኑ ቂጥ ላይ በቀይ ዘይት ቀለም «ሴ.ዕ.» ብለሽ ጻፊ፣ ከሥሩ ቁጥር ስጪው አልኳት። አስካለ፣ እማዬ እዚያ ስንደርስ እንጽፈው የለም ወይ አለችኝ። መንገድ ላይ ቢጠፋ የማን ነው ብለው ይመልሱልናል አልኳት። እሷም ጓደኛዋም የዕረፍት ቀናቸውን ሁሉ ወለል ላይ ተቀምጠው ሳህን ሲጽፉ ከረሙ፤ ከአንድ እስከ መቶ ሃያ። አንዱንም አልዘለሉም። በዚያ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

ዕቃው ደረሰ ተባለ። እኔ፣ አስካለና ጽጌ በአንድ ባጃጅ ተጠቅጥቀን ከከተማው ዳር ወዳለው የጉምሩክ መጋዘን ሄድን። የዕድሩ ብር ጽጌ መቀነት ውስጥ ነው። የጠዋቱ ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል። የተቀበለችን የጉምሩክ ሠራተኛ ወጣት ልጅ ናት፤ መነጽር አድርጋለች፣ ሹራቧን እስከ አገጯ ስባለች። አንገቷ ላይ መታወቂያ ተንጠልጥሏል። እኔም አንገቴ ላይ ቁልፍ አለ። ተያየን።

የመጀመሪያው ካርቶን ሲከፈት ብርድ ልብስ ወጣ። ልጄ ከዱባይ ድረስ ብርድ ልብስ ተሸክማ ደብረ ብርሃን መጥታለች። ብርድ ልብስ ከሚሠራበት አገር ተወልዳ! ይሄን ነገር ለሰፈር እንዳታወሩብኝ። ቀጥሎ ድስት፣ ቀጥሎ መጋረጃ፣ ሁሉም አስካለ የተጠቀመችበት ስለሆነ የጉምሩኳ ልጅ እያየች ታሳልፋለች። ሳህኑ ላይ ስትደርስ አንዱን አነሣችና ገለበጠችው።

«እማማ፣ ልጅዎ ሳህኗን በቁጥር ነው የምትጠራው?» አለችኝ።

አስካለ ፈጠን ብላ፣ ቤተሰባችን ብዙ ነው አለች። ልጅቷ ሌላ አነሣች፤ ቁጥር ዘጠና ስምንት። ቤተሰቡ እንደምን በዛ ብላ ፈገግ አለች። እኔን ግን ያናደደኝ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ቀለም፣ ያ ሁሉ ድካም ፈሶበት፣ ተጽፎ ሳለ እንዳልተጻፈ ሲቆጠር አልቻልኩም።

«የዕድሩ ነው እንጂ ልጄ፤ አንብቢው፣ ተጽፎልሻል» አልኳት።

ጽጌ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። የአስካለን ፊት አላየሁም፤ ለማየትም አልደፈርኩም። ልጅቷ ግን አልተቆጣችም። እውነቱን ስለነገሩኝ ደግ አደረጉ፣ ይሄ የልጅዎ የቤት ዕቃ ስላልሆነ ለብቻው ይመዝገብ፣ ቀረጡ ይከፈልበት አለች። ብዕሯን አነሣችና፣ ከምንድን ነው የተሠራው ብላ ጠየቀችኝ።

ሳህን ነው አልኳት። ሳህንነቱን አይቻለሁ፣ የተሠራበትን ነው የጠየቅሁት አለች። ከዚያ ድንጋይ የሚያህል መጽሐፍ አወጣች። ብርጭቆ ለብቻው ተራ አለው፣ ፖርሴሊን የሚሉት ጥሩው ሸክላ ለብቻው፣ ሌላው ከሸክላ የሚሠራ ሁሉ ደግሞ ለብቻው። ለፖርሴሊኑ የሚያዘው ግምት ከሌላው ሸክላ ከፍ ይላል ብላ ሁለቱንም አስልታ በወረቀት አሳየችን። ጽጌ መቀነቷን በእጇ ዳሰሰች። ሸክላ ከሆነ የያዝነው ይበቃል። ፖርሴሊን ከሆነ አይበቃም።

«ሸክላ ነው» አለች ጽጌ። በዕድሜዋ እንዲህ ፈጥና መልስ ሰጥታ አታውቅም።

እዚህ ላይ ጽጌን ላስረዳችሁ። ሳህኑ ፖርሴሊን ከሆነ ቁልፌን ታገኛለች። ግን መዋጮ ጨምሩ ብላ ሰማንያ ሴት ፊት መቆም አለባት። ቁልፍ ትወዳለች፤ መዋጮ መጠየቅን ግን ከምንም በላይ ትጠላለች።

እኔ ደግሞ ማንም በቃሉ ነግሮኝ አላምንም፤ መጽሐፉን አሳዪኝ አልኩ። ልጅቷ አዙራ ሰጠችኝ። በጣቴ እየተከተልኩ ፊደል በፊደል አነበብኩ፤ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው በረጅሙ ይተነፍሳል። ምን ልበላችሁ! የስኳር መያዣው አለ፣ ማንቆርቆሪያው አለ፣ እግር ያለው ብርጭቆ እግር ከሌለው ተለይቶ ተጽፏል። መንግሥት የሰውን ጓዳ እንዲህ ጠንቅቆ ያውቀዋል ብዬ አልጠረጠርኩም ነበር። ሁሉም በየወገኑ፣ በየመደርደሪያው፤ ልክ እንደኔ ዕቃ ቤት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልጅቷን ወደድኳት። እሷም የኔን ሥራ ነው የምትሠራው፤ ልዩነታችን የሷ ዕቃ ቤት በር መስፋቱ ነው።

የሻጩ ወረቀት ላይ «ሳህን» ከማለት በቀር የተጻፈ የለም። የፋብሪካ ምልክትም የለውም፤ ቂጡ ላይ ያለው የእኛ ቀይ ቀለም ብቻ ነው። ይሄኔ ከኋላችን የቆሙ አንድ ነጋዴ ቀረብ አሉ። ሐጂ ይማም ይባላሉ፤ የአልዩ አምባ ሰው ናቸው፣ የሻይ ብርጭቆ ሊያስወጡ ነው የመጡት።

«ለኔስ አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ «የኔ ዕቃ ብርጭቆ ነው፤ ማዶ ለማዶ ያሳያል፣ ሙግት የለበትም። ይሄን ደግሞ እኛ በጥፍር ነው የምናውቀው።»

ሳህኑን በሦስት ጣታቸው አንጠልጥለው በጥፍራቸው መቱትና ጆሯቸውን አስጠጉ። ይዘምራል፣ ፖርሴሊን ነው አሉ። ጽጌ ቀማቻቸውና በቀለበቷ መታችው። አይዘምርም፣ ያጉረመርማል አለች። ሐጂ፣ እናቴ በቀለበት ተመትቶ ማን ይዘምራል አሏት። ልጅቷ ሁለቱንም ዝም አሰኘችና፣ ፖርሴሊን ብርሃን ያሳልፋል፣ በስልክ መብራት እንየው አለች።

መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ፀሐዩ ቦግ ብሏል። ብርሃን በብርሃን ውስጥ እንዴት ይታያል? የሐጂን ጋቢ ተዋስን። እኔ፣ ልጅቷና ጽጌ ሦስታችንም ጋቢው ውስጥ ገባን፤ ስልኩ ከሥር፣ ሳህኑ ከላይ። ውጭ የቆመ ሰው ምን ሆነው ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ሐጂ ረጋ ባለ ድምፅ፣ ሳህን እየተመረመረ ነው ብለው ሲመልሱ ይሰማኛል። ሳህኑ ወፍራም ነው። እኔ እንደ እንቁላል አስኳል ያለ ነገር ታየኝ። ጽጌ ድቅድቅ ጨለማ ነው አለች። የልጅቷ መነጽር በትንፋሻችን ጉም ለብሶ ምንም አላየችም። እንደገባን ወጣን።

ልጅቷ ፀጉሯን እያስተካከለች፣ እንግዲህ የሚቀረው ውሃው ነው አለች። ፖርሴሊን ውሃ አይጠጣም፣ ሌላው ሸክላ ግን ይጠጣል፤ ይሄንን የሚለየው ላቦራቶሪ ነው፣ ናሙና አዲስ አበባ ይላካል፣ መልሱ እስኪመጣ ዕቃው እዚሁ ይቆያል፣ የመጋዘን ኪራይም ይቆጥራል።

ውሃ ይጠጣል ስትል እኔ ዘለልኩ። ይሄማ የኔ ትምህርት ነው! የተወለድኩት አንኮበር ነው። እናቴ ገበያ ስትወርድ እኔ ከኋላዋ ነኝ፤ ገንቦ ስትገዛ መጀመሪያ ታንኳኳለች፣ ቀጥላ ቂጡን ትልሳለች። ውሃ የሚጠጣ ሸክላ ምላስ ይይዛል፤ እንደ አልቅት ጥብቅ ይላል። ውሃ የማይጠጣ አይይዝም። ሳይልሱ ገዝተው ጠላቸው ወለል ላይ የፈሰሰባቸውን ሰዎች በስም ልጠራላችሁ እችል ነበር፤ ልጆቻቸው እዚሁ ሰፈር ስላሉ ልተወው።

ሳህኑን ገለበጥኩ። ከቂጡ ዙሪያ፣ የሚቀመጥበት ቀለበት ላይ ያ የሚያብረቀርቀው ነገር አልደረሰበትም፤ ሸካራ ነው። ልጅቷ፣ እማማ አቧራ አለው ብላ ሳትጨርስ ላስኩት።

አልያዘኝም።

ምናልባት ይሄ ሳህን ለብቻው ይሆናል ብዬ ቁጥር አሥራ ሁለትን ላስኩ። ሸርተት አለ። ቁጥር ሠላሳ አንድ። ሸርተት። ከመቶ ሃያው አንዱ እንኳ ይያዘኝ ብዬ ሰባት ሳህን ላስኩ። ምላሴ ደርቆ ይሆናል ብዬ ውሃ ለመንኩ፣ ጠጣሁ፣ ስምንተኛውን ላስኩ። አስካለ ብርድ ልብሱ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ፊቷን በእጇ ሸፍናለች። ሐጂ ግን ሰው የሚያደንቁ ይመስል ቆመው ያዩኛል።

ልጅቷ ብዕሯን ይዛ ጠበቀችኝ። የዕቃው ባለቤት እናንተ ናችሁ፣ የሚያውቁትን ያስመዝግቡ፣ ይፈርሙበታል፣ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት አለችኝ። ጽጌ ጆሮዬ ሥር ገብታ፣ «ያዘኝ በያት» አለች።

አሰብኩ። ምላሴ አፌ ውስጥ ነው፤ ማን ገብቶ ያያል? ሸክላ ብል ሳህኑንም ቁልፉንም ይዤ ቤት እገባለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ጋቢ ስገልጥ ኖሬ፣ አሁን የኔን አፍ የሚገልጥ ስለጠፋ ልዋሽ? ያ የሟች ወንድም ትዝ አለኝ። እሱ ሳህን ሳይኖረው ገለጠልኝ። እኔ ውሸቱ አፌ ውስጥ እያለ እንዴት ልዝጋ?

«አልያዘኝም» አልኩ። «ፖርሴሊን ነው። ጻፊ ልጄ።»

ጽጌ ሰማይ ሰማይ አየች። ከዚያ ለልጅቷ፣ የሷን ምላስ አትመኚ፣ በርበሬ የጨረሰው ምላስ ነው፣ እኔ ልቅመሰው አለች። ልጅቷ፣ ሁለታችሁ ካልተስማማችሁ ላቦራቶሪ እልከዋለሁ አለች። ጽጌ ነጠላዋን ወደ ኋላ መለሰች፣ ሳህኑን በሁለት እጇ ያዘች፣ ዓይኗን ጨፍና ላሰች። እንደ ጸበል ነው ያጣጣመችው። አንዱን አስቀምጣ ሌላ አነሣች። እኛ ሁላችን አፏን እናያለን። ተሰላፊው ሰው ሳይቀር ሰልፉን ትቶ ከቧታል።

ሸክላ ነው ብትል መዋጮ ከመለመን ትድናለች። ፖርሴሊን ነው ብትል ቁልፉ የሷ ነው። ሳህኑን አስቀመጠች።

«አልያዘኝም» አለች።

ያስጨከናት እውነቱ ይሁን ቁልፉ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠይቄያት፣ ሁለቱም አብረው መጡ ብላኛለች።

ጽጌ ፖርሴሊን ካለች በኋላ ግን ሌላ ሴት ሆነች። ስልኳን አውጥታ ለሰፈሩ ደወለች፤ ልመና የለ፣ ማባበል የለ፣ የጎደለ አለ ኑ ብቻ ነው ያለችው። ሐጂ ይማም፣ የጎደለውን እኔ ልሙላና በኋላ ትመልሱልኛላችሁ ብለው ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ግን ሳህኑን ፖርሴሊን ነው ብለው የመሰከሩት እርስዎ ነዎት፣ ምስክር አይከፍልም አልኳቸው። ሳቁና፣ እናቴ ከርስዎ ጋር ከመነገድ አላህ ይሰውረኝ አሉኝ።

ሴቱ በባጃጅ እየተጫነ መጣ። አሁን ደግሞ አዲስ ጣጣ። የኛ ሴቶች ያላዩትን ነገር አይከፍሉም። ከምን አውቃችሁ ነው ፖርሴሊን ያላችሁት ብለው ተቆጡ። ጽጌ አንድ ሳህን አነሣችና በመሃላቸው ቆመች።

«ቅመሱና ክፈሉ» አለቻቸው።

በዚያ ደጃፍ ላይ ሴት ሁሉ ነጠላዋን እየሰበሰበች፣ በተራ እየቀረበች ሳህን ላሰች። ከያንዳንዷ በፊት ልጅቷ ሳህኑን በወረቀት ትጠርግላታለች፤ በዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። አንዷ፣ እኔን ትንሽ ያዘኝ መሰለኝ አለች። ጽጌ ሌላ ቁጥር ሰጥታ ድጋሚ አስላሰቻት፤ ቃሏን አነሣች። የቀመሰች ሁሉ መቀነቷን ፈታች። ማጉረምረሙ ከጥሩምባ ይበልጥ ነበር፤ ግን ጎደለ የተባለው ሞላ። ልጅቷ መዝግባ፣ ማኅተም መትታ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ አለችን። ፈረምኩ። በሙሉ ስሜ፣ እስከ አያቴ ድረስ።

ሴቱ ሳህኑን ባጃጅ ላይ ሲጭን እኔ ቁልፉን ከአንገቴ ፈታሁ። ክሩ ሃያ ዓመት ሙሉ ያልወረደ ስለሆነ አልፈታ ብሎ አስካለ በጥርሷ ቆረጠችልኝ። እማዬ፣ ተይው እንጂ፣ ማን ትዝ ይለዋል ስትል ሰምቻታለሁ። መዋጮ ከተጠየቀ አስረክባለሁ ብያለሁ፤ ተጠይቋል። ለጽጌ በእጇ ሰጠኋት። እሷም ትተወዋለች ብላችሁ ከሆነ አታውቋትም። አንገቷ ላይ አሠረችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰፈራችን ውስጥ ለቅሶ ሆነ፤ ዕድሜ የጠገቡ ሰው ናቸው፣ ነፍስ ይማር። መቶ ሃያው ሳህን ወጣ። ጽጌ ወረቀትና እርሳስ ይዛ ከበሩ ላይ ቆማ ቁጥር እየጠራች ታስረክባለች፣ ትቀበላለች፣ ግንባሯ በዚያ ብርድ ላብ አውጥቷል። ስልሳ ሦስት የት ገባች እያለች ድንኳኑን ዞረችው። እኔ ምን እንደምሠራ ግራ ገብቶኝ ቆምኩ። አንዷ እጄን ይዛ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችኝ፣ ሌላዋ ሳህን ዘረጋችልኝ፣ ሦስተኛዋ ወጥ ጨለፈችልኝ።

ወጡ ይጨሳል። በዚህ ዕድር ሃያ ዓመት የበላሁት፣ ሰው ሁሉ ተነሥቶ፣ ሳህን ተቆጥሮ ሲያበቃ፣ የተረፈውን ቀዝቃዛ ነው። የኛ ዕድር ወጥ ትኩስ እንደሚቀርብ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ።